ቆሎ የምትቆላው ቀይ መኪና

በ1978 ዓ.ም. አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሮቤ ከገበያው በታች በአራት ግንድና በቆርቆሮ የቆመ ጋራዥ ነበረኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ያውም በግድ። ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አትፍረዱብኝ። ሞተር ግን በጆሮዬ አነብ ነበር። ይህን የምለው እየተመካሁ ነው፤ በዚህ እድሜዬ ደግሞ ማን ይከለክለኛል።

ጎባ ውስጥ አንድ ሰው ነበር። ሙያውን የለመድነው አብረን ነው፣ በአንድ የመንገድ ሥራ ጋራዥ። ከአንድ ሳህን በልተናል፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተናል። በኋላ ለዘጠኝ ወር ኮርስ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሲመረጥ እሱ ተመረጠ፣ እኔ ቀረሁ። እሱ ማንበብ ይችላላ። ሲመለስ ከአንገቱ እስከ ሆዱ ዚፕ ያለው ሰማያዊ ቱታ ለብሶ፣ ካንዴላ እሳት የምትተፋበትን ሰዓት የሚያሳይ የእጅ መብራት ይዞ መጣ። ጎባ ላይ ጋራዥ ከፈተ። ሰው ሁሉ «መብራት ያለው ባለሙያ» ይለው ጀመር። እኔስ ታዲያ ምን ነበርኩ? ጨለማ?

አምስት ዓመት አላናገርኩትም። አልተጣላንም። ቀንቼ ነው። በእኛ በኦሮምኛው ሂናፋ እንለዋለን፤ ጣውንት የመጣባትን ሴት እንደሚይዛት ያለ ነገር ነው። እንጀራ አያስበላም።

አንድ የስንዴ ነጋዴ ነበሩ፣ ሐጂ እንላቸዋለን። የጭነት መኪናቸውን አሥራ አንድ ዓመት የጠገንኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ እጅ ነክቷት አያውቅም። በዚያ ዓመት ሲናና በኩል ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትንሽ መኪናውን ሸጠላቸው። ቀይ ናት፤ ሁለት በር፣ ኋላዋ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ ይከፈታል። ቁመቷ ከአህያ አይበልጥም። ወሬው ግን በመላው ሮቤ ተሰማ፤ ቱርቦ አላት ተባለ።

ቱርቦ በትልልቅ የናፍታ መኪና እናውቃለን። የቤንዚን፣ ያውም የአህያ ቁመት ያላት መኪና ላይ ግን ያየ ሰው አልነበረም። ለማያውቅ ሰው ቱርቦ ማለት ወናፍ ነው። አንጥረኛ ከሰል የሚያነድበት ወናፍ። የሞተሩ የራሱ ጭስ ያዞረዋል፣ እሱ ደግሞ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል።

ሐጂ መኪናዋን ወደ እኔ ያመጧታል ብዬ ጋራዡን አስጠረግሁ። ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ከአጋርፋ የሚመላለስ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጎማ ሊያስነፋ መጥቶ ሳቀብኝ።

«ሐጂ ጣውንት አመጡብህ አሉ።»

«የትኛዋን?»

«ቀይዋን ነዋ! ጎባ ገብታ ተሞሽራ ወጣች። የጎባን አቀበት በሦስተኛ ማርሽ ስትወጣ አየኋት፣ ዋላሂ! እኔ በአንደኛ እያቃሰትኩ አልፋኝ ሄደች። መብራት ያለው ሰውዬ ምን እንዳጠጣት እንጃ።»

«ጎማህን ይዘህ ሂድ» አልኩት። ግማሽ ነበር የነፋሁለት።

ምን እንዳጠጣት ግን አውቅ ነበር። የባሌ መካኒክ ሁሉ የሚያጠጣውን ነው። ደጋችን አየሩ ስስ ነው። ከቆላ የመጣ መኪና እኛ ዘንድ ያፍነዋል፣ ጥቁር ያስላል። ስለዚህ ሁለት ነገር እናደርግለታለን፤ ቤንዚኑን እናሳሳለን፣ እሳቱን ደግሞ እናስቀድማለን። እሳት ማስቀደም ማለት ካንዴላዋ ትንሽ ቀደም ብላ እንድትተፋ ማድረግ ነው። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ዘመን ማሳሳቱ ደግሞ ምርቃት ያስገኛል። ይህን ያላደረገ መካኒክ እኛ አገር መካኒክ አይባልም። የጎባው ሰውዬ ይህን አድርጎ፣ የወናፏን ዘንግም ጠበቅ አድርጎ የበለጠ እንድትነፋ አደረጋት። በረረች።

በገበያ ቀን በደጄ አለፈች። ሰው ቆሞ አያት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ጎማ ፈታሁ። ጀርባዬን ልስጥ እንጂ ጆሮዬ ከእሷ ጋር ነበር። ጉልበት ስትጨምር ከሆዷ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ ፈጣን። ብረት ምጣድ ላይ የገብስ ቆሎ ሲፈነዳ ያለ ድምፅ ነው። ያን ድምፅ ዱሮ በአንድ የቤንዚን አይሱዙ ሰምቼዋለሁ፤ በሳምንቱ ፒስቶኑ እንደ ሻማ ቀልጦ ወጣ።

የዚያን ቀን ምሳ ጣፈጠኝ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐጂ እየተንገጫገጩ ደጄ ላይ ቆሙ። ከአጋርፋ መመለሳቸው ነው፣ ወደ ጎባ ያልፋሉ። ቀይዋ አንድ እግሯን እንዳጣች ታነክሳለች።

«ኧረ እይልኝ፣ መንገድ ላይ ልትጥለኝ ነው» አሉኝ።

«የጎባው ባለሙያዎ አያይልዎትም?»

«አኩርፈሃል እንዴ? ያ ኦቦ፣ ወንድሜ፣ የመኪና ኩርፊያ የለም። ፈረንጅ አገር የተማረ ስለሆነ ብዬ እንጂ አንተን ንቄ አይደለም።»

«አልተማርኩም፤ እውነትዎን ነው» አልኩና ክዳኗን ከፈትኩ።

አራቱን ካንዴላዎች አወጣሁ። ደህና ካንዴላ ጫፉ የቆዳ መልክ አለው። የእነዚህ እንደ አጥንት ነጥቷል። በአንዷ ላይ ደግሞ የስኳር ቅንጣት የሚያክሉ የሚያብረቀርቁ ጠብታዎች ተጣብቀዋል። የፒስቶን አሉሚኒየም ነው። ሞተሯ ከውስጥ መቅለጥ ጀምራለች።

ሐጂ ከጀርባዬ ያወራሉ። «ዛሬ ማታ እሱ ጋራዥ አሳድራታለሁ፣ ዘይቷን ያይልኛል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እናቴን ጎባ ካለው ከእህቴ ቤት ይዤ በሳነቴ ወደ ሜና እወርዳለሁ። ብርዱ ደረቷን ጎዳት፣ ቆላ ትክረም ብለናል። የጭነት መኪና ጋቢና እንዳትወጣ ጉልበቷ እምቢ አለ። ይቺ ግን ዝቅ ያለች ናት፣ አሮጊት ይመቻታል። ታዲያ፣ ደህና ናት?»

ደህና ናት ወይ አሉኝ። እኔ በዚያች ሰዓት ያየሁት አሮጊቷን አይደለም። ያየሁት ያን ዚፕ ነው። ሳነቴ ላይ ሞተሯ ሲፈነዳ፣ መላው ጎባ «መብራት ያለው ሰውዬ አቃጠላት» ሲል፣ ሐጂ ወደ እኔ ሲመለሱ አየሁ።

«ካንዴላ ነው፣ ሌላ ምንም የለባትም» አልኩ። ያቺን አንዷን በሌላ ተካሁ፣ የወጣችውን ኪሴ ከተትኩ። ቀይዋ ተነሳች፤ አመስግነውኝ ሄዱ። አቧራው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ።

እራት ላይ ባለቤቴ «ምን ያስቅሃል?» አለችኝ።

«ሐጂ ነገ ሳነቴ ላይ ይቀራሉ።»

«ብቻቸውን?»

«ከእናታቸው ጋር።» ካንዴላዋን አውጥቼ አሳየኋት፣ ነገሩን ነገርኳት። የምታደንቀኝ መስሎኝ ነበር።

«ያስቀናህ የጎባው ሰውዬ፣ የሚበርዳት አሮጊቷ?» አለችኝ። ሳነቴን ታውቃለች፤ እረኛ እንኳ በቶሎ የማይገኝበት ሜዳ ነው። ጉምና ንፋስ ብቻ። ደረቷን ያመማት አሮጊት ግማሽ ቀን ብትቀመጥበት አትነሳም።

«እኔ አይደለሁም ያቃጠልኳት» አልኩ።

«መኪናዋ ወደ አንተ መጥታ ቢሆንስ ምን ታደርጋት ነበር?»

እንደ ግትርነቴ አንድ ነገር መመለስ ነበረብኝ፣ ግን መልሱን አውቀዋለሁ። አሳሳት ነበር። አስቀድማት ነበር። እንደማንኛዋም መኪና። ወናፍ ያላት መኪና ግን ደጋ ላይ መሆኗን አታውቅም፤ የራሷን አየር ይዛ ነው የምትዞረው። ማሳሳቱም ማስቀደሙም ለእሷ መርዝ ነው። እሱ ባያቃጥላት እኔ አቃጥላት ነበር። ከእሱ የሚለየኝ መኪናዋ ስላልመጣችልኝ ብቻ ነው። ይህን ሳስብ ቅናቴ የቀነሰ እንዳይመስላችሁ። ባሰበት። ለማቃጠል እንኳ የተመረጠው እሱ ነው።

በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሁለት መፍቻ ኪሴ ከትቼ በመጀመሪያው መኪና ጎባ ወጣሁ። እሱ ጋራዡ ደጅ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ቀይዋ ከኋላው ቆማለች። ቱታው ጉልበቱ ላይ ተጥፏል፤ ያን ሳይ ትንሽ ደስ አለኝ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ» አልኩት።

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም። እንካ።»

ካንዴላዋን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ወደ ፀሐይ አዙሮ አያት። ደጋግሞ አያት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ስንት ሌሊት የተመኘሁት ነገር ነበር፣ ሲመጣ ግን አልጣመኝም።

«ከዚች ነው?» አለኝ።

«ከዚች ነው። ቆሎ ስትቆላ አልሰማህም?»

«የማርሚታው ድምፅ ነው ብዬ...» ካንዴላዋን ገለበጣት። «እኔ እንግዲህ ሁላችን እንደምናደርገው ነው ያደረግኩት። አንተስ ብትሆን እሳቱን አታስቀድምም ነበር?»

«አስቀድም ነበር» አልኩት። ጥርስ መነቀል ይሻላል።

«ለሐጂ ነገርካቸው?»

«አልነገርኩም።»

ክዳኗን ከፈተ። የወናፏን ዘንግ አላላ፣ ቤንዚኑን መለሰላት፣ ሞተሩን አስነሳና ያን የእጅ መብራት አቀበለኝ፤ «ያዝልኝ» ብሎ። አምስት ዓመት ስሟን ስሰማ የኖርኩትን መብራት ያን ጊዜ ነው የነካሁት። ከበድ ያለች ናት፣ ደስ የምትል። አሁንም ቀናሁ።

እሳቱን ወደ ኋላ መለሰው። «በቃ፣ መብራቱ ልክ ነው ይላል።»

«ጉልበት ስጣት።»

ሰጣት። ጆሮዬን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁ። ከሩቅ፣ ከታች፣ አንድ ሁለት ፍሬ ገብስ ይፈነዳል።

«መብራቱ ያሻውን ይበል» አልኩት። «የአንዲት ፀጉር ያህል ወደ ኋላ መልሰው።»

አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዲት ፀጉር መለሰው።