ለቀብር የሚወጣ መኪና

ሚዛን ከተማ በሠራሁበት የግብርና መሥሪያ ቤት የትም ያልተጻፈ ግን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ደንብ ነበር። ሠራተኛ ሲታመም ብርቱካን ገዝተን በእግራችን ሄደን እንጠይቃለን። ሠራተኛ ወይም የሠራተኛ ዘመድ ሲሞት ግን መኪናው ይወጣል። ቢሮው ይዘጋል፣ ኃላፊው ጋቢና ይቀመጣል፣ እኛ ከኋላ እንታጨቃለን፣ ሸኮም ይሁን ቴፒ ሄደን ለቅሶ እንደርሳለን። ለቀብር ነዳጅ የለም ተብሎ አያውቅም። ለቅሶ የቀረ ሰው ደግሞ ወዮለት፣ ዓመቱን ሙሉ ይታማል።

እኔ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ሥራው የሰው ብሶት መስማት ነው። ፈቃድ የተከለከለው፣ ዝውውር የተነፈገው፣ ከአለቃው የተጣላው ሁሉ መጥቶ እኔ ፊት ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ምላሴን መያዝ አልችልበትም። ስለ ሌላው ስከራከር የራሴ እድገት ስንት ጊዜ እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ክረምት የዘበኛችን ሚስት በወባ ራሷን ሳተች። ሾፌራችን ማንንም ሳይጠይቅ መኪናው ላይ ጭኖ አማን ሆስፒታል አደረሳት፤ ዳነችም። ታዲያ በግምገማው ቀን ይኸው ተነሣበት። ግምገማ ማለት ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ አንዱ የሌላውን ጥፋት የሚያነሣበት፣ ጥፋተኛ የተባለውም ቆሞ ራሱን የሚወቅስበት ስብሰባ ነው። ዝም ያለ ሰው አድርባይ ስለሚባል ሁሉም የሆነ ነገር ይናገራል። "የመንግሥት ንብረት ለግል ጉዳይ አውሏል" ተባለ። ወይ ጉድ! ሚስቱ የተረፈችለት ዘበኛ ራሱ እጁን አውጥቶ "ማስፈቀድ ነበረበት" አለ። ፈርቶ ነው፤ ዝም ቢል ተጠቃሚው አንተ ነህ ሊሉት ነው። ደሜ ፈላ። "ሰው ማትረፍ ነው ጥፋቱ?" ብዬ ብድግ አልኩ። "ስሜታዊ ነሽ፣ ተቀመጪ" አሉኝ። ሾፌሩም ሂሱን ዋጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናው ቁልፍ ከኃላፊው ኪስ አይወጣም ነበር።

ዛሬ የማወራላችሁን ልጅ ያወቅኋት ከዚያ በኋላ ነው። ከሸኮ ከተማ ወደ ውስጥ በእግር በሚገባበት አንድ ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበረች፤ ገበሬውን የቡና አተካከልና አገራረዝ ታስተምራለች። የቴፒ ልጅ ናት፤ ባሏ ግን እዚያው ቀበሌ ተወልዶ ያደገ፣ ቡና ያለው፣ ድምፁ የማይሰማ ጨዋ ገበሬ ነው። ለስብሰባ ሚዛን ስትመጣ ጭቃ የዋጠውን ቦቲ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ትገባለች። "እትዬ፣ ሲሚንቷችሁን እንዳላቆሽሽባችሁ ብዬ ነው" ትለኛለች፤ አሽሙር ነው። ሁልጊዜ በወረቀት የጠቀለለችውን ኮረሪማ ታመጣልኛለች። ከእኔ ክፍል ሳቅ የሰማ ሰው ካለ እሷ የመጣች ቀን ነው።

የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፋ ሲል መጣች፤ ያን ቀን አልሳቀችም። "እትዬ፣ እስክወልድ ድረስ ብቻ ሚዛን ወይ አማን አዛውሩኝ። የእኛ መንገድ ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን ያውቁታል። ፈርቻለሁ" አለችኝ። ጥያቄዋን ይዤ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ።

"እርግዝና በሽታ አይደለም" አለኝ። "እኛን እናቶቻችን ማሳ ላይ አይደል እንዴ የወለዱን?"

"ማሳው ላይ የቀሩትስ?" አልኩት።

"እናየዋለን" አለ። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ እናየዋለን እምቢ ማለት ነው። ደጅ ለደጅ ተከትዬ ብጠይቀውም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ለልጅቷ ስነግራት "በሉ እንግዲህ፣ ልጄን 'እናየዋለን' ብዬ ነው የምጠራው" ብላ ሳቀች። ቦቲዋን አጥልቃ ስትወጣ አንጀቴን በላችው።

ክረምቱ እንደገባ አንድ ቀን ከክልል እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። እንግዳ ሲመጣ ኃላፊው ከተማው መግቢያ ድረስ በመኪና ወጥቶ መቀበል አለበት፤ ያልወጣ ኃላፊ እንደ ናቀ ይቆጠራል። ስለዚህ መኪናው ከጠዋት ጀምሮ ታጥቦ ግቢው ውስጥ ቆሟል። እኔ ኃላፊው ክፍል ወረቀት እያስፈረምኩ ሳለ ስልክ ተደወለ። የልጅቷ ባል ነበር፤ ከሸኮ ቴሌ። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ያ ድምፁ የማይሰማ ሰው እየጮኸ ነው የሚያወራው፤ እኔ ድረስ ይሰማኛል። ምጥ ይዟት አድሯል፤ ልጁ አልወጣ ብሏል። ጤና ጣቢያው ቶሎ አማን አድርሷት ብሏል። በቃሬዛ ተሸክመን መኪና ወደሚገባበት መንገድ ዳር አውጥተናታል፤ መኪና ላኩልን ይላል።

"አይዞህ፣ አይዞህ" አለ ኃላፊው። ከዚያ በመስኮት አሻግሮ እያየ፣ "መኪናው ግን ተበላሽቷል። ጋራዥ ነው ያለው። ሌላ ነገር ፈልጉ" ብሎ ዘጋው።

እኔም በዚያው መስኮት አየሁ። ሾፌሩ መስታወቱን በጨርቅ እየወለወለ ነው።

"ኧረ በስመአብ! ምን ነካዎት? መኪናው ይኸው አይደል እንዴ?" አልኩ።

"እንግዶቹ በየትኛውም ሰዓት ይደርሳሉ። ሸኮ መንገድ ላይ ጭቃ ቢውጠውስ? ማን ነው የሚጠየቀው፣ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ልጠየቅ! እኔ ልባረር!"

"እንደ ሾፌሩ እኔንም እንዲገመግሙኝ ነው የምትፈልጊው?" አለኝ። ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ የምሩን ፈርቷል። ግን ያን ቀን ፍርሃቱ አላሳዘነኝም፤ ዛሬም አያሳዝነኝም። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ መልሼ ለመንኩት። እጁን ከኪሱ አላወጣም።

ወደ ሾፌሩ ሮጥኩ። "ቁልፉን ብቻ አምጪልኝ፤ ከፈለጉ ይሰሩኝ" አለና ጨርቁን መሬት ላይ ወረወረው። ሁለታችንም ቁልፉ የት እንዳለ እናውቃለን። ዝናቡ እየወረደብኝ ወደ ገበያው ወረድኩና አንድ ቡና ነጋዴ ዘንድ ገባሁ። የጅማ ሰው ናቸው፤ ከቡና ሽያጭ በቀር ከእኛ ቢሮ ጋር ምንም የላቸውም። አይሱዙያቸው ቡና ጭኖ ሊነሣ ነበር። "ሐጂ፣ ሴት ልትሞትብን ነው" ስላቸው "ያ አላህ!" ብለው ተነሡ፣ "አራግፉ! ቶሎ አራግፉ!" ብለው በሠራተኞቻቸው ላይ ጮኹ። ጆንያው በዝናቡ ተራገፈ፤ መኪናቸው ባዶውን በረረ።

አልደረሰም። እዚያው መንገድ ዳር፣ ዝናብ እንዳይመታት ሰዎች ፕላስቲክ ወጥረው እንደያዙላት አርፋለች። ልጁም ከእሷ ጋር። የሐጂ አይሱዙ የደረሰው አስከሬኗን ወደ ቤቷ ለመመለስ ነው።

ሲመሻሽ ከእንግዶቹ ስልክ መጣ። ዝናቡ ስላስቸገራቸው ጅማ እንደሚያድሩና ጉብኝቱ ለሌላ ጊዜ እንደተላለፈ ተናገሩ። መኪናው ቀኑን ሙሉ ከቆመበት አልተነቃነቀም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ተዘጋ። ቁልፉ ከኪስ ወጣ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ግን የእኔ ሰው ናት፣ እንዴት ልቅር? ከኋላ ተጨናንቀን ተሳፈርን። ያ የተፈራው ጭቃ ላይ ስንደርስ መኪናው ያን ሁሉ ሰው እንደጫነ ዝም ብሎ አለፈው። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ ለቅሶው ቤት ስደርስ እንባዬ አልቆ ነበር።

መኪና የማይገባበትን በእግር ሄድን። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ እየዘመሩ ቀበሯት። ኃላፊው ታታሪ ሠራተኛ እንደነበረች ተናገረ፤ መሥሪያ ቤቱ ከቤተሰቡ ጎን እንደሚቆምም ጨመረበት። ቦቲዋ ታጥቦ የቤቱ በር ላይ ተቀምጧል።

ስንመለስ ባሏ ሊሸኘን እስከ መኪናው ድረስ ወረደ። በዚህ ጭቃ ስለመጣችሁ ጌታ ይባርካችሁ እያለ የእያንዳንዳችንን እጅ ጨበጠ። ከዚያ ጭቃ የለበሰውን መኪና በመዳፉ ነካ አደረገና ሾፌሩን "ተሠራላችሁ እንዴ?" አለው። ተንኮል የለበትም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው።

ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የባሏን ፊት ሳየው ግን ይህንንስ ተሸክሞ እንዴት ያድራል ብዬ ዋጥኩት። ኃላፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ "አዎ፣ ትናንት ማታ ነው የተሠራው" አለ።

"ጌታ ይመስገን" አለ ባሏ። "እንኳን ለቀብሯ ደረሰላችሁ።"