ከሠርግ ካርዱ የጠፋችው «በ»

ባለፈው እሑድ የእድራችን ጸሐፊ የስብሰባ ማስታወቂያ በስልክ ላከልን። ርእሱን ቢጫ አልብሶታል፤ ቢጫው ግን ከመስመሩ ጋር አልቆ የመጨረሻዋ ፊደል ታች ብቻዋን ቀርታለች። ሌላው ሰው ልብ ያለውም አይመስለኝም። እኔ ግን ወጥ እያማሰልኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

የድሮ ጥፋቴን አስታውሶኝ ነው፤ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ጎፋ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ተቀጥሬ በኮምፒውተር እጽፍ ነበር። ጥር ሲገባ ሥራችን ሁሉ የሠርግ ካርድ ነው። ከመንገዱ አቧራ፣ ከጎረቤት ደግሞ የሳምቡሳ ሽታ ይገባል፤ ከጽሑፉ ይልቅ ልቤ ሳምቡሳው ላይ ነበር ብል አልዋሸሁም።

አንድ ቀን ታደሰ የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ መጣ። የፈለገው የሚታጠፍ ካርድ ነው፤ ውስጡ ቀኑና ቦታው፣ ፊቱ ላይ «ሠርጋችን ቀረበ» ብቻ፣ በቀይ መደብ ላይ በነጭ ፊደል። ሠራሁለት።

«ትንሽ ተለቅ ይበል እስቲ» አለኝ።

ፊደሉን ሳሳድገው መስመሩ አልበቃ ብሎ «በ» ወደ ታች ወረደች። ቀዩን ያለበስኩት ግን የላይኛውን መስመር ብቻ ነበር። ነጭ ፊደል በነጭ ወረቀት ላይ ማን ያያል? እኔም አላየሁ፣ እሱም አላየ። ካርዱን ለጓደኞቹ እንዲያድሉለት ሰጥቶ፣ ዘመዶቹን ሊጠራ በዚያው ወደ ገጠር ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ወጣት ካርዱን ይዛ ገባች። ሙሽራዋ ናት፤ ሰብለ ትባላለች።

«ይሄን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

«ሠርጋችን ቀረ...» አልኩ፤ «በ» የለችም።

«አባቴ ይህን አንብቦ ውስጡን እንኳ አልገለጠም። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። የታደሰ ስልክ አይሠራም። ሰዎች ጥሎሽ ጠፋ እያሉኝ ነው!»

አለቃዬ ሌላ ካርድ አትመን እንላክላቸው አለ። እኔ ግን ቦርሳዬን አንሥቼ ተከተልኳት። በታክሲ በላፍቶ አድርገን ሀና ማርያም ሄድን። በራቸው ላይ ስንደርስ ሰብለ ቆመችና «አንቺው አንኳኪ» አለችኝ። አንኳኳሁ።

ለሠርጉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የነበረው በርበሬ ተሰብስቦ ጆንያ ውስጥ ገብቷል። አባቷ አቶ ሽፈራው አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሠርጉ አልቀረም፤ ቀረበ ነው» አልኩና በቀይ እስክሪብቶ ከቀዩ መደብ ሥር «በ»ን ጻፍኩበት።

ካርዱን ከዓይናቸው አርቀው ያዙ። ጮክ ብለው «ቀረበ» ሲሉ አነበቡ።

«አንዲት ፊደል ናት እንግዲህ እህል ያስከለከለችኝ?» አሉና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ወዲያው ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ «ኧረ በርበሬውን መልሳችሁ አስጡት፣ ፀሐይዋ ሳትሄድ! አንቺ ደግሞ ሳትበዪ አትሄጂም።»

ትኩስ ዳቦ በአዋዜ በላሁ። የዓይኔ እንባ ከአዋዜው ይሁን ከእፎይታ እኔም አላውቅም።

ከዚያ ሰብለና እኔ ሦስት ቀን ጎፋና ላፍቶን ቤት ለቤት እየዞርን «በ» ስንጽፍ ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን ታደሰ ተመልሶ ሰብለን ጣቶቿ በእስክሪብቶው ቀለም ቀልተው አገኛት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሠርግህን እያቀረብኩልህ ነው!» አለችው።

ዛሬ ሰው ሲያጠፋ በስልክ «ይቅርታ» ብሎ ይልካል፤ እኔም እልካለሁ። ነገሩ ከበድ ያለ እንደሆነ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ ራሴ እሄዳለሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት የሚያስፈራው በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ብቻ ነው።