ወተት የሚሸት እጅ

አክስቴ በየማለዳው፣ የላስቲክ ቤቱ ጣራ ላይ ያደረው ላብ ደርቆ አየሩ ሞቅ ሲል፣ ቲማቲሞቹ የታሰሩባቸውን ክሮች አንድ በአንድ በጣቷ ትመታለች። ግሪንሃውስ ውስጥ ነፋስ ስለማይገባ አበባው ዱቄቱን የሚያራግፍለት ይፈልጋል። ሁለት መቶ ሰማንያ ክር ነው። አንዱን የዘለለች ቀን ምሳ አይወርድላትም። እኛን የወንድሟን ልጆች ግን በዚህ እርጋታ ዳብሳን አታውቅም።

ሰፈሩ «ጉምሩክ» ይላታል። በሩ ላይ ቆማ የሚገባውን ሰው እጅ ታሸታለች፤ ጫማ ታስወልቃለች። እጁ ሲጋራ የሸተታት ሰው ከወተት ባልዲ ሳይነክረው ቲማቲም አይነካም። ትምባሆ ላይ ያለ በሽታ በእጅ ወደ ቲማቲም ይሻገራል፣ ወተት ያደክመዋል የሚለውን የተማረችው ከሟች ባሏ ነው። ባሏ አትክልተኛ ነበር። ሲሞት ላስቲክ ቤቱን እኩል ከፍሎ ግማሹን ለእሷ፣ ግማሹን ለታናሽ ወንድሙ ተወ። ወንድምየው ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ በቀን አንድ ፓኮ ያጨሳል። ከውሃ ታንከሩ ጎን ባለችው አንዲት ክፍል ያድር ነበር፤ ሌላ ቤት አልነበረውም።

ሁለቱ ሰባት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ሠሩ። አንድም ቀን ሳይሰዳደቡ አልዋሉም።

እሷ በየሁለት ቲማቲሙ መሀል በሶብላ ትተክላለች፤ በመደዳው ዳር ነጭ ሽንኩርት፤ በሩ አጠገብ ደግሞ ሽታው የሚከረፋ ብርቱካናማ አበባ። ቅጠል የምትመጥጠውን ነጭ ዝንብ ሽታው ግራ ያጋባታል ትላለች። «ቲማቲም ጎረቤት ይወዳል» ትላለች፣ ከጎረቤቶቿ አንዱንም ሰላም ሳትል።

«ሽንኩርቱ አለ፣ በሶብላው አለ፣» አላት ሹፌሩ አንድ ቀን፣ እጁን ባልዲው ውስጥ እየነከረ። «ዘይት ብቻ ጠብ ብታደርጊበት እኮ ወጡ እዚሁ ይደርሳል፣ እትዬ።»

«አንተ ዝም ብለህ ታጠብ። ዝንብ የሚያባርር ተክል አግኝቻለሁ፤ አንተን የሚያባርር ነው ያጣሁት።»

«ወተቱንስ ለድመቷ ብትሰጪያት አይሻልም? እሷ እንኳ ታመሰግንሻለች።»

«ድመቷ አታጨስም።»

የእሱ ግማሽ ባዶ አፈርና ቲማቲም ብቻ ነበር። በስድስተኛው ዓመት ቅጠሉን ነካ ባደረገ ቁጥር ነጭ ዝንቡ እንደ ተራገፈ የዱቄት ከረጢት ቡን ይል ጀመር። ዝንቡ ወደ እሷም ተሻገረ። አክስቴ ሦስት ቀን ሙሉ ከጮኸች በኋላ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ከእንግዲህ በሽታ ያስገባ ሰው ድርሻውንም ክፍሉንም ትቶ ይውጣ የሚል ውል። ሹፌሩ በንዴት ሳያነብ ፈረመ። በማግስቱ ከእሷ በሶብላ ሳያስፈቅድ ቆርጦ በእሱ መደዳ ሁሉ ተከለ። አየችው፤ አልነቀለችበትም።

ዝንቡ ጠፋ። በተከታዩ ክረምት ግን ሌላ ነገር መጣ። ቅጠሎቹ ፈዛዛና ጥቁር አረንጓዴ ሆነው ተዝጎረጎሩ፤ ጫፋቸው እንደ ክር ቀጠነ፤ ፍሬው ውስጡ ጠቆረ። የእርሻ ባለሙያዋ ተጠርታ መጣች፣ ቅጠል ወስዳ አስመረመረችና ተመለሰች።

«የትምባሆ ቫይረስ ነው» አለች። «ለዚህ በሶብላም ሽንኩርትም አይረዳችሁም። ዝንብ አይደለም ያመጣው፤ ትምባሆ የነካ እጅ ነው። በየትኛው በኩል ጀመረ?»

«በእሱ በኩል» አለች አክስቴ።

ሹፌሩ ሁለት እጆቹን አፍንጫዋ ሥር ዘረጋ።

«አሽቺው! ሰባት ዓመት ስታሸቺ ኖረሽ የለ? ዛሬም አሽቺው! ምን ይላል? ወተት ወተት ነው የሚለው! ሚስቴ ልጅ ስታጠባ እንኳ እንደኔ ወተት ወተት አልሸተተችም!»

«ውጣ።»

«በወንድሜ አጥንት፣ ሳልታጠብ የገባሁበት ቀን የለም።»

«ፈርመሃል። ውጣ።»

ባለሙያዋ ወደ እሱ አየች፣ ወደ ባልዲው አየች፣ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። እሱም ፍራሹን በገመድ ጠቅልሎ በሰው ጋሪ ጭኖ ወጣ። አሁን ሴት ልጁ ቤት፣ ኮሪደር ላይ ይተኛል አሉ። አክስቴ ያለውን ተክል ሁሉ ነቅላ አቃጠለች፤ ክሩን ቀየረች፤ ሽቦውንና መቀሱን በበረኪና ዘፈዘፈች። ሁለቱን ድርሻ የሚለየውን የመሀል መጋረጃ ቀድዳ ጣለች። ያ ሁሉ ቦታ የእሷ ሆነ። የዘንድሮ ቲማቲሟ ልጣጩ የሚያበራ ነው፤ ገዢ በሩ ላይ ይሰለፋል፤ እሷም እጁን እያሸተተች ታስገባዋለች።

ታሪኳን ልጽፍ ሳስፈቅዳት አልከለከለችኝም። «ክፉ ናት ብለሽ ጻፊ፣ ግድ የለኝም። ስድቡንም እንዳለ አስገቢው፤ እሱም ቢሆን አልማረኝም። አንዷን ነገር ብቻ ተይልኝ።»

ያን ክረምት የመንጋጋ ጥርሷ ያማት ነበር። ማስነቀል ስለፈራች በሁለት ጣቷ ሱረት፣ የተፈጨ ትምባሆ፣ ቆንጥራ ድዷ ላይ ትለጥፍ ነበር፤ በቀን ሦስቴ፣ አራቴ። በእነዚያው ሁለት ጣቶች የቲማቲሙን ትርፍ ቡቃያ ትቀነጥባለች። የራሷን እጅ አሽትታ አታውቅም። ቅጠሉ መጀመሪያ የተዝጎረጎረውም በእሷ አራተኛ መደዳ ነበር። ባለሙያዋ «ትምባሆ የነካ እጅ» ስትል ሱረቱ ጉንጯ ውስጥ ነበር፤ ሹፌሩም ገና ፍራሹን አልጠቀለለም ነበር።