በቃል የተያዘ መነሻ

ወንድሜ ወደ ከተማችን ወደ ንፋስ መውጫ ሲመጣ የያዘው አንድ ቦርሳና አራት ወረቀት ብቻ ነበር። ከሰፈራችን ልጆች አውሮፕላን ማብረር ለመማር የሄደ እሱ የመጀመሪያው ነው። የመጣው ግን ፈተና ወድቆ ነው። የወደቀውም ሲሙሌተር በሚሉት፣ መሬት ላይ ቆሞ የሚበር በሚመስል ማሽን ውስጥ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደግማል፤ ያኔም ከወደቀ ይባረራል። ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው።

«ለየኔታ መውደቄን እንዳትነግሪ» አለኝ። የኔታ የምንላቸው አባታችንን ነው። የዜማ መምህር ስለሆኑ ተማሪዎቻቸው እንደሚጠሯቸው እየጠራናቸው አደግን።

ወረቀቶቹን ገለጥኋቸው። መስመር፣ ቀስትና ቁጥር ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ስለሆንሁ እንግሊዝኛው አላስፈራኝም። «ደመና ውስጥ ስትነሺ ምንም አይታይሽም» አለኝ። «ተራራው የት እንዳለ የሚያውቀው ወረቀቱ ነው። የተባለው ከፍታ ላይ ሳትደርሺ ከዞርሽ አለቀልሽ።» የወደቀውም በዚሁ ነው፤ ቀድሞ ዞረ።

የወደቀበት ከላይ ያለው ወረቀት ስለነበር እሱን ብቻ ያዝን። ሦስቱ ከዚያው አውሮፕላን ሜዳ የሚያስነሱ ሌሎች መንገዶች ነበሩ። አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኋቸው። እኔ ነኝ የከተትኋቸው።

ከቤታችን ጀርባ ገብሱ የታጨደበት ማሳ አለ። እዚያ እሱ እጆቹን ዘርግቶ ይራመዳል፤ እኔ ወረቀቱን ይዤ ከኋላው እጮሃለሁ። «ቀጥ በል! አሥር ሺህ ጫማ! አሁን ወደ ግራ!»

ጎረቤታችን አሮጊት በአጥር በኩል አዩን። «ምነው ልጄ፣ ወንድምሽ ተምሮ ተምሮ አበደ እንዴ?»

«እየበረረ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ እግሩን ምን መሬት አስነካው?»

ወንድሜ ገለባው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን የኔታ መጥተው ቆሙ። «ምን እየቀጸላችሁ ነው?» አሉ። መቀጸል የእሳቸው ተማሪዎች ከመምህር አፍ እየተቀበሉ ቃሉን የሚይዙበት መንገድ ነው።

«የበረራ ትምህርት ነው፣ የኔታ» አለ ወንድሜ፣ ከእኔ ተቀብሎ ያይ የነበረውን ወረቀት እያሳያቸው።

ወረቀቱን ከእጁ ወስደው ለእኔ ሰጡኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀት እያየህ? አታፍርም? በል፣ በቃልህ።» እሳቸው ዘንድ ተማሪ መምህሩ ፊት ቆሞ መጽሐፍ ሰርቆ ካየ፣ ጓደኞቹ ሳምንቱን ሙሉ ይስቁበታል።

ከዚያ ወዲያ የሚያስቀጽሉት እሳቸው ሆኑ። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ግን በጆሯቸው ያዙት! ወንድሜ አንዲት ቁጥር ሲስት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጉና «ዘለልህ፤ ተመለስ» ይላሉ። ወረቀቱን አያለሁ፤ እውነትም ዘሏል። ወንድሜ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ትቶ አስኳላ ከገባ ጀምሮ ሁለቱ ከሰላምታ ያለፈ አያወሩም ነበር። አሁን ግን ቁርሳቸውን አብረው ይበላሉ፤ እየበሉም «እስቲ ከዞርህ በኋላ ያለውን በቃልህ በል» ይሉታል። በደስታ የምገባበት ጠፋኝ።

ለየኔታ ፈተና እንዳለበት ብቻ ነግሮ ወንድሜ ተመልሶ ሄደ። የፈተናው ዕለት ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ።

«ሌላኛውን ሰጡኝ» አለ።

«የቱን?»

«በቀኝ የሚዞረውን። በሬዲዮ ነገሩኝ፤ እኔም ሳልሳሳት ‹በቀኝ› ብዬ መለስሁ። ከዚያ ተነሣሁ። አሥር ሺህ ጫማ ስደርስ እጄ ወደ ግራ አዞረው። አላዘዝሁትም፤ ብቻውን አዞረው።»

«ወረቀቱስ?»

«ጉልበቴ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላየኸውም?»

«ፈታኙ አጠገቤ ተቀምጦ? አፈርሁ።»

ማሽኑ «ተራራ! ተራራ!» እያለ ጮኸ፤ ከዚያ ከፊቱ ያለው ሥዕል ደርቆ ቆመ፤ ከተራራው ጋር ተጋጨ ማለት ነው። ፈታኙም ወረቀቱ የተሰጠው እንዲያየው እንደሆነ ነገረው። መንገዱ በየበረራው ሊለወጥ ስለሚችል፣ ፀጉራቸው የሸበተ አብራሪዎች እንኳ ገልጠው ሳያዩ አይነሡም።

«ይህንማ ድሮም ታውቅ ነበር» አልሁት። «ለምን አልነገርኸንም?»

«ለየኔታ? እንዲያ ደስ ብሏቸው ሳሉ?»

መባረሩን በመጨረሻ ነገረኝ፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

የኔታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ገቡ። ገና ነጠላቸውን ሳያወርዱ «አለፈ?» አሉኝ።

«አላለፈም፣ የኔታ። አባረሩት።»

«የቱ ጋ ዘለለ?»

«አልዘለለም።»

«ካልዘለለ በምን ጣሉት?»

የነገረኝን ሁሉ ነገርኋቸው። ቃል እየመረጥሁ ለማለስለስ ሞከርሁ፤ አልለሰለሰም። እያወራሁ ፊታቸውን ሳይ፣ እያንዳንዷ ቃሌ የት እንደምታርፍባቸው ይታየኝ ነበር። መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ወረቀቱን ያስጣልሁት እኔ ነኝ» አሉ። እየጠየቁኝ አልነበረም።

«እኔም ነኝ፤ ሦስቱን ወረቀቶች አጥፌ ደብተሬ ውስጥ የከተትሁት» ማለት ነበረብኝ። አፌ እንቢ አለ። አንዱ ልጃቸው ገና ተባሮ ሳለ ሌላዋም እንደበደለች መስማት የሚችሉ አልመሰለኝም፤ ወይም ለራሴ ፈርቼ ይሆናል።

«ደውዪለት።»

ደወልሁ። ዝግ ነው።

«ድገሚ።»

ደገምሁ። «ዝግ ነው፣ የኔታ» አልሁ።

ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። የት እንደሚነካ ስለማያውቁ ምንም አልነኩም። ዝም ብለው ጆሯቸው ላይ ያዙት፤ የሚናገር ሰው እንዳለ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡ ጀመር።