እግሬ ሥር የነበረው ከበሮ

ባለፈው ሰኔ ልጄ ሄለን ከአዳማ የሦስት ዕቃ ፎቶ በቴሌግራም ልካልኝ ወዲያው ደወለች። ሄለን ነርስ ናት፤ በዕረፍት ቀኗ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ሠርግ ላይ ጊታር ትጫወታለች። የላከችው የጊታር ኢፌክት ነበር፤ እግር ሥር ተቀምጦ የጊታሩን ድምፅ የሚያወፍር፣ የሚያስተጋባ፣ ሲያሻውም የሚያስለቅስ፣ ብዙ ፔዳል በአንድ ሳጥን የታጨቀበት፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነገር። መድረክ ላይ የትኛው እንደሚሻላት ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኝ መነጽሬን አደረግሁ። የሚረገጡት ቁልፎች ተራርቀዋል ወይ፣ ቁጥሩ በፀሐይ ይነበባል ወይ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ስትቀይሪ መሃል ላይ ጸጥ ይላል ወይ እያልኩ ስመረምራት፣ እሷም ምንም ሳታስብ፣ «ሦስተኛው እኮ ከበሮም አለው አባባ፤ ድራመር ሳንይዝ መሄድ እንችላለን» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁባት። ልጄ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ማን ሞተ ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልሞተም፤ ተናድጄ ነው። ንዴቴ ደግሞ የዛሬ አይደለም፤ ከሄለን በዕድሜ ይበልጣል።

ያደግሁት ሐረርጌ፣ ጭሮ ከተማ ነው። እናቴ ጤና ጣቢያ ተመድባ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ አዝላኝ ነበር አሉ። ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ለቀምኩ፤ ጊታሩን ደግሞ ተዛውሮ ሲሄድ ሻንጣው አልዘጋ ያለው አንድ አስተማሪ ትቶልኝ ሄደ። ጎረምሳ ስሆን ከተማችን ውስጥ ሠርግ የሚያደምቅ ባንድ ነበረን። እኔ ጊታር፣ አብዲ ድራም፣ አንድ ዘፋኝ፣ ኦርጋን ላይ ደግሞ መሪያችን ጋሽ ክፍሌ። ጋሽ ክፍሌ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከጊታሬና ከአብዲ ድራም በቀር መሣሪያውም የሱ፣ ሚኒባሱን የሚኮናተረውም እሱ። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ግን ብዕሬ አንቱ ለማለት እምቢ አለኝ፤ ይቅርታ አልጠይቅም።

አብዲ ከጭሮ ወጣ ብላ ያለችው የመሰላ ከተማ ልጅ ነው። ትሑት እንዳይመስላችሁ። ፀጉሩን ቫዝሊን ቀብቶ ሲያሳምር ሚኒባሱ ቆሞ ይጠብቀው ነበር፤ ተከራካሪ፣ ቶሎ የሚያኮርፍ፣ ከበሮው አጠገብ ሰው ሲቀመጥበት የማይወድ። ግን በኛ አገር ሠርግ አብዲን የሚተካ ሰው አልነበረም። ምክንያቱም የኛ አገር ሠርግ ከሰዓት በኋላ ሸጎዬ ላይ ይደርሳል። ወንዶቹና ሴቶቹ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ግጥም ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ አንገትና ትከሻ ይነቀነቃል፣ ይጨበጨባል። ቀስ ብሎ ይጀምርና ልጆቹ ሲሞቃቸው ይፈጥናል፤ አውጪው ትንፋሽ ሲያጥረው መልሶ ይቀዘቅዛል። ባንድ እዚያ መሃል እንግዳ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው የልጆቹ እግር ነው።

ሸጎዬ ሲጀመር አብዲ ወደኛ አያይም ነበር። አንገቱን አስግጎ ከፊት የቆሙትን ልጆች እግር ያያል። እኛ ደግሞ አብዲን እናያለን። ጋሽ ክፍሌም ሳይወድ በግዱ አብዲን ያያል፤ የቆጠቆጠውም ይሄው ነው። የባንዱ ጌታ ሆኖ ሳለ በየሠርጉ ለአንድ ሰዓት ያህል የሌላ ሰው ተከታይ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሂርና ላይ ዕቃ ስንጭን ከበሮ ኦርጋንን መከተል አለበት ብሎ ተቆጣ። አብዲም አማርኛው ውስጥ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ «እኔ የምከተለው እግሩን ነው ጋሼ። አንተም ተከተል፣ ምን ይልሃል?» አለው። ጋሽ ክፍሌ የሚኒባሱን በር በኃይል ዘግቶ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ነው ድሬዳዋ ወርደን ኢፌክት እንግዛልህ ያለኝ። ጥር ሊገባ፣ የሠርጉ ወራት ሊጀመር ነው። ደስታዬን መናገር አልችልም፤ እስከዚያ ድረስ ጊታሬን በቀጥታ ማጉያው ላይ ሰክቼ ነበር የምጫወተው፤ ድምፁ እርቃኑን ነበር። በጠዋት ተነሣን። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ተከምሯል፤ መንገድ ዳር ልጆች ጢንቂሽ ይዘው ከመኪና ጋር ይሯሯጣሉ። ሂርና ቆመን ትኩስ ፋጢራ በማር በላን፤ የቡና ገለባ በወተት የተፈላበት ሆጃም ጠጣን። ጋሽ ክፍሌ እንደዚያ ቀን ደግ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ የኔን ድርሻ ፋጢራ ማር ደጋግሞ ያፈስበት ነበር። ቁልቢ ላይ በብርድ ተኮራምተን፣ ደንገጎን ስንወርድ ሹራባችንን አውልቀን ድሬ ገባን።

ባለሱቁ ሦስት ኢፌክት ደረደረልን። «ምረጥ፤ የሚረግጠው ያንተ እግር ነው» አለኝ ጋሽ ክፍሌ። ጊታሬን ይዤ ስለነበር አንድ በአንድ ሰክቼ ሞከርኳቸው። የመጀመሪያው ብረት ነው፤ ከባድ፣ ቁልፎቹ ሰፋፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር ቅንጣት አይቋረጥም። ሁለተኛው ያምራል፤ ነገር ግን ቁልፎቹ ተጣብቀው ጫማዬ ሁለቱን ባንዴ ይረግጣል። ሦስተኛው ፕላስቲክ ነው። ቀላል ነው፣ በባትሪም ይሠራል፣ ግን ድምፅ በቀየርክ ቁጥር ትንፋሽ የምታህል ዝምታ ያስገባል፤ ድምፅ የሚያሻክረው ዲስቶርሽኑ ደግሞ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ነው። ከበሮም አለው፤ ቁልፍ ስትረግጥ ራሱ ይመታል። ኦርጋናችን አሮጌ ስለነበር እንዲህ ያለ ነገር አልነበረውም።

እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ጋሽ ክፍሌ ጊታሩን አልሰማም ነበር ማለት እችላለሁ። የጠየቀው ስለ ከበሮው ብቻ ነው፤ ስንት ዓይነት ምት እንዳለው፣ ጮክ ይላል ወይ፣ ሳይቆም ስንት ሰዓት ይመታል። ከዚያ ሦስተኛውን አስጠቀለለ። የመረጥኩት ሌላ ነው ስለው፣ ገጠር ስንሄድ ጄኔሬተር በተንገዳገደ ቁጥር በኤሌክትሪክ የሚሠራው እየጠፋ ያስቸግርሃል፣ ይሄ ግን በባትሪ ነው አለኝ። ምክንያቱ ደግሞ እውነት ነበር። ሰው በውሸት ሲያታልልህ ትነቃበታለህ፤ በእውነት ሲያታልልህ ግን ምን ብለህ ትከራከራለህ? ከበሮው ለምን እንዳስፈለገ ስጠይቀው፣ «ለልምምድ ይጠቅምሃል» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔን ይዞኝ የሄደው ለምርጫ አልነበረም። ለምን እንደነበር የገባኝ የወራቱ የመጀመሪያ ሠርጋችን ላይ፣ በደሳ ከተማ ነው።

አብዲ ያን ሰሞን ለአዝመራ መሰላ ወርዶ ነበር። እኔና ጋሽ ክፍሌ ከሥራ መልስ እየተገናኘን ምቶቹን ስንሰማ ከረምን። የበደሳው ሠርግ ጠዋት ሚኒባሱ ጋ ስደርስ ጣሪያው ላይ ድራም የለም። አብዲስ ስለው አሞታል አለኝ። ለድግስ ቀን የታመመ ሰው ያሳዝናል፤ ስመለስ ብርቱካን ይዤለት እሄዳለሁ ብዬ አስቤ ነበር። አቧራውን እየቃምን በደሳ ገባን። ቡና ነጋዴ ቤት ነው፤ ድንኳኑ ሰፊ፣ ፍየሉ በሩዝ፣ የአብሽ ሁልበቱ በየትሪው። ዕቃ ስንዘረጋ ጋሽ ክፍሌ ኢፌክቱን በእጁ እግሬ ሥር አስቀመጠና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ድራመራችን እዚህ ነው ያለው» ብሎ ሳቀ። አብዲ አልታመመም ነበር። ሠርጉ ወደ ሌላ ሳምንት ተላልፏል የሚል መልእክት ልኮበት፣ ጓደኛዬ መሰላ ቁጭ ብሏል።

አብዲን ማባረር ከፈለገ ፊት ለፊት ማባረር ይችል ነበር፤ ባንዱ የሱ ነው። እሱ ግን ከአብዲ ጋር አንድ ሳህን ላይ የምበላውን እኔን መርጦ በእኔ እግር አባረረው። ሰው ሁሉ በሞላበት ድንኳን፣ የሰው ሠርግ ላይ፣ ምን ብዬ ልጣላ? ረገጥኩት። በእርጋታ ለሚዘፈኑት ዘፈኖች ማሽኑ ክፉ አልነበረም፤ ይህን መካድ አልችልም። ጋሽ ክፍሌም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ያየኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ ልጆቹ ለሸጎዬ ቆሙ። አንድ ቀጭን ልጅ ግጥም አወጣ፣ ሴቶቹ ተቀበሉ፣ ማሽኑም ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ተስማሙ። ከዚያ ልጆቹ እየሞቃቸው መጡ፤ ማሽኑ ግን እዚያው ነው። እግራቸው ቀደመ፣ ጭብጨባው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ልጆቹን፣ ግማሹ ማሽኑን ይከተላል። ጋሽ ክፍሌ በዓይኑ ቁልፉን እርገጥና አፍጥነው አለኝ። ሳፈጥነው አውጪው ትንፋሽ ሊወስድ ዝግ ብሎ ነበርና ግጥሙ አፉ ውስጥ ተሰበረ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ እጃቸውን አወረዱ። የሙሽራዋ አጎት፣ ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ፣ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደኛ መጡ።

«ከበሮ የሚመታው ሰውዬ የት አለ? ልጆቹን አያይም እንዴ?» አሉ።

ጋሽ ክፍሌ ቀጥል በሚል እጁን አወዛወዘብኝ። እኔ ግን ሰው የለም አባባ አልኳቸው። ሽማግሌው ኦርጋኑ ኋላ አዩ፣ ከዚያ እግሬ ሥር ያለችውን ፕላስቲክ አዩና በኦሮምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ አልሰማሁትም፣ ፊታቸው ግን የተሰደበ ሰው ፊት ነበር። ማሽኑን አጠፋሁት። የጊታሬን ገመድ ጃክም ነቀልኩ። አንዲት ልጅ አጨበጨበች፣ ሌሎቹ ተከተሏት፣ ቀጭኑ ልጅ ግጥሙን ከወደቀበት አነሣው። በባዶ እጅና በእግር ብቻ ያ ሸጎዬ እንደገና ሞቀ። ጋሽ ክፍሌ ኦርጋኑ ላይ ጎንበስ እንዳለ፣ «አንተም ከጓደኛህ ጋር ትሄዳለህ» አለኝ። ጊታሬን አንግቤ ወጣሁ፤ ጫት ጭኖ ወደ ጭሮ የሚበር መኪና ላይ ተሳፈርኩ።

እኔ ጭሮ አድሬ በማግስቱ መሰላ ብሄድ ጋሽ ክፍሌ ቀድሞኛል። በማለዳ መኪና አስነሥቶ ሄዶ፣ አብዲን ቁጭ አድርጎ፣ ሳይቆጣ ሳይሳደብ ነገረው፤ በደሳ ላይ በማሽን ተጫወትን፣ ሸጎዬውም ደመቀ፣ ልዩነቱንም ማንም አላወቀም። ማንም አላወቀም! አብዲን የጎዳው ይቺ ውሸት ናት፤ ሌላው ሁሉ አልጎዳውም። ቢሰድበው አብዲ ይማታ ነበር፤ አውቀዋለሁ። ልዩነቱን ማንም አላወቀም ሲለው ግን አመነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ሽማግሌውን፣ የተከፈለውን ጭብጨባ፣ የልጁን ግጥም። ሰምቶ ሰምቶ ምሳ በላህ ወይ አለኝ። አብዲ ድራሙን በዚያው ወር ለሌላ ሰው ሰጠው።

ሄለንን መልሼ ደወልኩላትና ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ታሪኩንም ነገርኳት። ከበሮ ያለውን ብትገዢ ማሽን ምን አደረገ፣ ድራመራችሁን የማትፈልጉት ከሆነ ግን ፊቱ ላይ ንገሪው አልኳት። በማግስቱ ግን እቤት መቀመጥ አልሆነልኝም፤ መሰላ ሄድኩ። አብዲ አሁን ሱቅ አለው፣ ቡና አለው፣ የልጅ ልጅ አለው፤ ፀጉሩ ብቻ የለም። ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን በደሳን እንደገና ከሥር ጀምሬ ነገርኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ይሄን እውነት በየዓመቱ እየወሰድኩለት አንድ ቀን ጠርቶ አላየሁትም። አብዲ በትዕግሥት ጨረሰልኝና ጉልበቴን መታ አደረገ።

«ተው አቦ» አለኝ። «ወዳጄ ስለሆንክ ነው እንደዚያ የምትለው።»

እኔን ስለምወደው አያምነኝም። ያን ሰውዬ የሚያምነው፣ እሱን ደስ ለማሰኘት ብሎ አንድም ቀን ተናግሮ ስለማያውቅ ነው።