አጎቴና የሰጋቱራ ምድጃዬ

አቃቂ በሰቃ ስንኖር አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የሰጋቱራ ምድጃዬን አመድ ጠርገው፣ የአየር ቀዳዳውን በሽቦ ይከፍቱልኝ ነበር። "ምድጃም ይተነፍሳል" ይሉኛል። እኔ ይሰለቸኝ ነበር።

አንድ የክረምት ቅዳሜ፣ አጎቴ ሳይመጡ፣ ሳልጠርገው ሰጋቱራ ጠቅጥቄ አቀጣጠልኩት። ዝናብ ስለጀመረ የአራት ወር ልጄን ውስጥ እንደተኛች ትቼ፣ በሩን ዘግቼ ከጓሮ የተሰጣ ልብስ ላነሳ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ አጎቴ ደርሰው ልጄን አውጥተው በጋቢያቸው ሸፍነው ደጅ ቆመዋል። ልጅቷ ዝም ብላለች። ከዚያ ሳለችና አለቀሰች። እሳቸው አልተቆጡኝም፤ ልጄን አስታቀፉኝና ምድጃውን ሊያጸዱ ገቡ።

አሁን ቅዳሜ ደጄን የሚያንኳኳ የለም። ሊያርፉ ሰሞን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ "ያን ቀን እኮ አላመሰገንኩዎትም" አልኳቸው።

"ልጅቷ አድጋ የለ? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?" አሉኝ።

ልቤ ቀሏል፤ ሳይሰሙኝ አልሄዱም።