ቦቢ የፈሰከበት ሳንባ

ለዘንድሮው ፋሲካ ቅርጫ የታረደው በሬ ሳንባ ለብቻው በላስቲክ ሳፋ ተደርጎ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ነበር። በአጠገቡ ሳልፍ ዓይኔ አረፈበት። ውሃ የቋጠሩ ነጫጭ እብጠቶች ሞልተውታል፤ አንዱ የዶሮ እንቁላል ያህላል። ቀና ስል ልጄ ማርያማዊት ሳፋውን ልታነሳ ጎንበስ ብላለች፤ ቡችላዋም ጭራውን እየቆላ እግሯ ሥር ይሽከረከራል። “ማሚ፣ ለእሱ ልሰጠው ነው። እሱም እኮ አብሮን ጾሟል!” አለችኝ።

በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ጋምቤላ ከገባን ከርመናል። ልጄ ያደግኩበትን የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን፣ የምታውቀው ለጥምቀት ሄደን ስንመለስ ብቻ ነው። ይህን ቃል ግን ከማን ወሰደችው? እኔ ልጅ ሆኜ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ግቢያችን፣ በየፋሲካው የምሰማው ይኼንኑ ነበር።

ያኔ ቅርጫው የሚታረደው ጎረቤታችን ጋሽ ሙላቱ ግቢ ነው። አባቶቻችን ከጋራው የወረደ የባሕር ዛፍ ቅጠል መሬት ላይ ጎዝጉዘው ሥጋውን እዚያ ላይ ይመድቡታል። የቅጠሉ ሽታ ከትኩስ ሥጋ ጋር ሲደባለቅ ለኔ ፋሲካ ማለት እሱ ነበር። እኛ ልጆች ዙሪያውን እንሯሯጣለን፣ “ወዲያ በሉ! ቢላዋ ነው የያዝነው!” እየተባልን እንባረራለን፣ ዞረን እንመጣለን። ቦቢ የሚባለው ውሻችን ግን ማንም አያባርረውም። ጾሙን ሙሉ ሽሮ የነካው እንጀራ ሲበላ የከረመ ነውና የሱም በዓል ነው። አባዬ ጉበቱንና ሳንባውን እያገላበጠ ያይና፣ “ይኼ ውሃ ቋጥሯል፤ የቦቢ ነው” ይላል። ታላቅ እህቴ ትርሲት ተቀብላ፣ “በል ጾመኛው፣ ፍሰክ!” እያለች ትጥልለታለች። በልቶ ሲጨርስ አንገቱን አቅፋ ትስመዋለች፤ እሱም ፊቷን ይልሳታል። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነበሩ። እናቴም “ለእንስሳ ማዘን ጽድቅ ነው” እያለች ደስ ይላታል።

ስለ ትል ምንም የማናውቅ ሰዎች ደግሞ አልነበርንም። ኮሶ የሌለበት ማን ነበር? ጥሬ ሥጋ የበላ ሁሉ ውሎ አድሮ ኮሶ ይታይበታል፤ እንደ ጉንፋን በግልጽ ይወራል፤ ጋሽ ሙላቱማ መድኃኒቱን የሚጠጣበትን ቀን እንደ ማኅበር ለጎረቤት ያሳውቃል። ከከብቱ ወደ እኛ የሚመጣው ይኼ ብቻ ይመስለን ነበር።

ትርሲት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ፣ በዐቢይ ጾም፣ ሆዷ ገፋ። ፊቷ ከስቷል፣ እጇ ቀጥኗል፣ ሆዷ ብቻ ከቀሚሷ ላይ ይታያል። አባዬ ኮሶ ነው ብሎ መድኃኒት ገዝቶ አመጣ። ዋጠችው፤ ለውጥ የለም። እሷ በቀኝ ጎኗ በኩል የሚከብዳት ነገር እንዳለ ትናገራለች፣ የሚሰማት ግን አልነበረም። ሰፈሩ የራሱን ምርመራ ጨርሶ ነበርና።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ በአጥራችን በር ብቅ ብለው፣ “የሰው ልጅ በጾም ይከሳል፤ የእናንተዋ ግን ተስማምቷታል መሰል!” አሉ። እማዬ ሳቀች። ፊቷ ላይ ግን ምንም የሚስቅ ነገር አልነበረም። በዚያው ሰሞን በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የምታስጠናዋ ልጅ ቤታችን ድረስ መጣች። ለትንሣኤ ሌሊት ትርሲት ከመዘምራኑ ጋር እንዳትቆም፣ “ነገሩ እስኪጣራ” ብላ አንገቷን ደፍታ ተናገረች። ትርሲት ነጩን የመዝሙር ልብሷን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ አስገባችው። አላለቀሰችም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም። ትምህርት ቤት ሆኜ ቤት የሆነ ነገር የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ቤት ስገባ ደግሞ ዓይኔ ሆዷ ላይ ነው፣ ዛሬ ጨምሯል ወይስ አልጨመረም እያልኩ።

እማዬ ሦስታችን ብቻ እንጦጦ እንውጣ አለች። ጠዋት በጭጋጉ ውስጥ፣ ከማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ጋር እየተላለፍን ዳገቱን ወጣን። ትርሲት በየመዞሪያው ቆማ ጎኗን ትይዛለች። ራጉኤልን ከተሳለምን በኋላ እማዬ ደጃፉ ላይ ያዘቻትና፣ “ልጄ፣ አልቆጣሽም። ለኔ ንገሪኝ” አለቻት።

“እማዬ፣ እዚህ ደጅ ላይ ቆሜ እዋሽሻለሁ?” አለች ትርሲት። “ወንድ አላውቅም። ግን የሆነ ነገር ውስጤ አለ፣ እያደገ ነው፣ ፈርቻለሁ።”

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እዚያው ተቀመጠች። ያመነቻት ያኔ ነው። ከቅዳሴ የወጡት የንስሐ አባታችን አይተውን መጡ፤ ነገሩን ሰምተው ትርሲትን በመስቀላቸው ባረኳትና፣ “ጠበሉ የትም አይሄድም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት” ብለው እማዬን ተቆጧት።

ዶክተሯ ወጣት ነበረች። አልትራሳውንዱን እያየች ያልጠበቅነውን ጥያቄ ጠየቀች። “ውሻ አላችሁ?”

“ውሻ የሌለው ማን አለ?” አለች እማዬ።

“ከብት ሲታረድ የተበላሸውን ሳንባና ጉበት ምን ታደርጉታላችሁ?”

“ለቦቢ ነዋ!” አለች እማዬ፤ ደግ ሰዎች መሆናችንን ልታስረዳ።

ዶክተሯ በዚያ በቋጠረው ውሃ ውስጥ የትል ዘር እንዳለ፣ ውሻው ሲበላው ሆዱ ውስጥ እንደሚያድግ፣ ለዓይን የማይታይ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ጸጉሩ ላይ እንደሚቀር፣ እሱን አቅፎ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ እንደሚውጠው ነገረችን። ከዚያ ጉበት ላይ ተቀምጦ ለዓመታት ውሃ ይቋጥራል፤ እንደዚያ በሬ ሳንባ። “ብዙ ሰው ይዞት ይኖራል፣ አያውቀውም” አለች። የትርሲት ግን ትልቅ ስለነበረ ቶሎ በቀዶ ጥገና መውጣት ነበረበት፤ ውስጧ ከፈነዳ ለሕይወቷ ያሰጋል። እማዬ በአንድ ጊዜ እልል ልትልም ልታለቅስም ፈለገች። ልጇ ንጹሕ ናት፤ ልጇ ልትሞትባት ትችላለች።

ትርሲት ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጣች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እትዬ ዘነቡ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት መጡና፣ “እኔ እኮ ድሮም ያንን ውሻ አልወደውም!” አሉ። ስለ ሌላው ነገር ትንፍሽ አላሉም። አባዬ ቦቢን ጋራው ላይ ወስዶ ሊጥለው ገመድ አዘጋጅቶ ነበር። ትርሲት አልጋዋ ላይ ሆና፣ “አባዬ፣ የሰጠነውን ነው የበላው። ብትጥለው እዚህ ቤት እህል አልቀምስም” አለችው። አባዬ ገመዱን እንደያዘ ቆመ፤ ከዚያም በዚያው ገመድ ጎትቶ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደው፣ የትል መድኃኒት አሰጠው። በሚቀጥለው ፋሲካ አባዬ ጋሽ ሙላቱ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ሲቆፍር ቅርጫ ተካፋዮቹ ከበቡት። “ለሳንባ ደግሞ ቀብር? ተዝካሩንስ መቼ ታወጣለህ?” ብለው ሳቁበት። እሱ አፈሩን መለሰና ድንጋይ ጫነበት። በዚያ ዓመት የትንሣኤ ሌሊት ትርሲት በነጭ ልብሷ ከመዘምራኑ ፊት ቆማ ነበር።

እኔ ግን ያ ፍርሃት አብሮኝ አደገ። ልጄን ሳለብሳት እጄ ሳላዝዘው ወደ ቀኝ ጎኗ ይሄዳል። ታጠቢ ብዬ ታጥባ ስትመጣ ድገሚ እላታለሁ። ጸልዬም አይለቀኝም።

ስለዚህ ማንጎው ሥር ጮህኩ። ማርያማዊት ሳፋውን ለቀቀችው። ቅርጫውን የሚካፈሉት ወንዶች፣ “ምነው እመቤት፣ ሳንባ ነው እኮ!” እያሉ ሳቁ፤ እኔ አካፋ አስመጥቼ አስቆፈርኩ፣ በቂ ጥልቀት አለው እስክል ድረስ ከአጠገቡ አልተነሳሁም። ልጄ ቡችላውን ይዛ ጥግ ላይ ታለቅሳለች። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እህቴ ዘንድ ደወልኩ። ትርሲት ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ እንኳን አደረሰሽ ተባብለን ሳንጨርስ ነገሩን ዘረገፍኩላት።

“ደግ አደረግሽ፣ ሚጡዬ” አለችኝ። ቀጥላም፣ “ቡችላውስ? በምን ፈሰከ?”

ያኔ ደግነታችን ዓይኑን የጨፈነ ነበር፤ ዛሬ እኔ ዓይኔ ተከፍቶ ደግነቱን ልረሳው ደርሼ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ከቅርጫ ድርሻችን ጥሩውን ብልት ቆርጬ ድስት ውስጥ ጨመርኩት። እስኪበስል ድረስ ማርያማዊት ምድጃው አጠገብ ቆመች። ሲቀዘቅዝ ራሷ አቀረበችለት፤ እኔም ውሃና ሳሙና ይዤ ከኋላዋ ቆሜ ጠበቅኋት።